አንገት ሥር ያሉ አራት ፍሬዎች፦ የካልሲየም ታሪክና የእቴቴ ሕመም

 

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እናቴን አጥንቷን ክፉኛ ያማታል። ሰው ሁሉ ካልሲየም ግዛላት ይለኛል። ልግዛላት እንዴ?» አለኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ይህን ልጅ ያስተማርኩት ስለ ዓድዋና ስለ ፈረንሳይ አብዮት ነው እንጂ ስለ መድኃኒት አይደለም። ግን ጥያቄውን ሳነበው እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። ይሄ ጥያቄ እኛ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት የፈጀ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በሁለት መስመር ከምመልስለት እንደ ልማዴ ታሪኩን ከሥሩ ላውራችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና የምትጠጡ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ከገበያ ተሸክማ የምትመለሰው እህል ሁለት ወንድ የሚያደክም ነበር። ይቺ ሴት ቀስ በቀስ ተለወጠች። መጀመሪያ የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ። ጠጠሩ በመከራ ወጣ፤ በዓመቱ ሌላ መጣ። ከዚያ ሆዷ ይደርቅ ጀመር፤ ጨጓራ ነው ተባለ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፣ ውሃ ጠጥታ አትረካም፤ ስኳር ነው ተባለ፣ ሲለካ ደህና ሆነ። ወገቧን፣ ጭኗን፣ ክንዷን ያማታል። ከሁሉ የከፋው ግን ጠባይዋ ነው። ያቺ ሳቂታ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል አመጣች። ያስቀመጠችውን ትረሳለች። ቡናውን አፍልታ ስኒውን ሳታቀርብ ቁጭ ትላለች።

ሰው ምን ያላለው አለ? «ዓይን ነው» ያለ አለ፣ «ሐሳብ ነው» ያለ አለ። ጸበል ሄደች፣ ተመለሰች። እኔስ ምን አልኩ? አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስጮኽ ውዬ ደክሞኝ ስገባ «ዛሬ ደግሞ እግሬን...» ብላ ስትጀምር «እቴቴ፣ አንቺ ደግሞ የማያምሽ ቦታ የለም እኮ!» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ለኔ አመመኝ ብላ አታውቅም።

በመጨረሻ ደጃፍ ላይ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰበረ። አወዳደቋ እኮ ይህን ያህል አልነበረም፤ ልጅ ቢወድቀው አቧራውን አራግፎ ይሮጣል። ያያት ባለሙያ «አጥንቷ ሳስቷል፣ ካልሲየም አንሷታል» አለና ክኒን አዘዘ። እኛም ደስ ብሎን ገዛን። ከዱባይ የመጣች ዘመድ ትልቁን ብልቃጥ ይዛላት መጣች። ማታ ማታ ደግሞ ወተት። እቴቴ ክኒኑን ሳታጓድል ዋጠች። ባሰባት።

አሁን እሷን እዚህ ላይ ላቆያትና ወደ ታሪኩ ልውሰዳችሁ።

1. አውራሪሱና ተማሪው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን በሚገኘው የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ የነበረ አንድ የሕንድ አውራሪስ ሞተ። ሪቻርድ ኦወን የሚባለው ታዋቂ የእንስሳት አካል አጥኚ ሬሳውን እየበለተ ሲመረምር አንገቱ ላይ፣ ከእንቅርት እጢ (ከታይሮይድ) ጋር ተጣብቃ የተቀመጠች ትንሽ ቢጫ ነገር አየና መዘገበ። ምን እንደምትሠራ አላወቀም። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ከዚያ ስዊድን ውስጥ፣ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢቫር ሳንድስትረም የሚባል የሕክምና ተማሪ ያቺኑ ነገር በውሻ አንገት ላይ አገኛት። ልጁ በዚህ አላቆመም፤ ድመት፣ ጥንቸል፣ በሬ፣ ፈረስ አየ፣ ቀጥሎም ሃምሳ ያህል የሰው አስከሬን መረመረ። በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ ከታይሮይድ ጀርባ አራት ፍሬዎች አሉ፤ እያንዳንዷ የምስር ቅንጣት ታክላለች። በ1880 ጽፎ አሳተመ። አንድ ትልቅ የጀርመን መጽሔት ጽሑፉን በጣም ረዝሟል ብሎ መልሶበት ነበርና በስዊድንኛ ወጣ፤ የሚያነበውም ጥቂት ሰው ሆነ። ሳንድስትረም በ1889 በ37 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ያገኛቸው ፍሬዎች ምን እንደሚሠሩ ሳያውቅ ሞተ። ዛሬ ፓራታይሮይድ እንላቸዋለን። በሰው አካል ውስጥ በዓይን ከሚታዩ ብልቶች መጨረሻ ላይ ከታወቁት አንዱ ናቸው።

ሁሌ ክፍል ውስጥ የምላችሁን ታስታውሳላችሁ? ታሪክ የሚሠራው ፊት ለፊት በቆመው ሰው ብቻ አይደለም እል ነበር። ይኸው።

2. የቧንቧ ውሃው

በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ ሲድኒ ሪንገር የሚባል ሐኪም የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ እያስቀመጠ ምን ያህል እንደሚመታ ያጠና ነበር። ስሙን ታውቁታላችሁ! ጤና ጣቢያ ተኝታችሁ «ሪንገር» የተሰቀለላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አንድ ጊዜ ልቡ በጨው ውሃ ውስጥ ሆኖ ለረጅም ሰዓት ሲመታ ዋለ። ሪንገር ደስ አለው፣ ጽፎም አወጣ። ቆይቶ ሲጣራ ለካ ረዳቱ የተጣራ ውሃ መጠቀም ሲገባው ከቧንቧ ቀድቶ ኖሯል። በተጣራ ውሃ ሲደገም ልቡ ቀጥ አለ። ታዲያ የለንደን የቧንቧ ውሃ ውስጥ ምን አለ? ካልሲየም። በ1883 ሪንገር ይህንን አሳተመ፤ ያለ ካልሲየም ልብ አይመታም። እስከዚያ ድረስ ካልሲየም ማለት አጥንትና ጥርስ የሚሠራበት ኖራ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚንቀሳቀስበት መሆኑ ታወቀ።

ሌላኛው ወገን ደግሞ በቀዶ ሐኪሞች ቢላ ሥር ተገኘ። እንቅርት በቀዶ ጥገና ማውጣት ሲለመድ አንዳንዱ በሽተኛ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጣቱ ይጨመደዳል፣ ከንፈሩ ይነዝረዋል፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታልም። ሐኪሞቹ ሳያውቁት እነዚያን ምስር የሚያካክሉ ፍሬዎች ከእንቅርቱ ጋር አብረው እየቆረጡ ይጥሉ ነበር። በ1909 ባልቲሞር ውስጥ ማካለምና ቮግትሊን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፍሬዎቹ የወጡባቸውን ውሾች ደም ሲመረምሩ ካልሲየሙ ወርዷል። ካልሲየም በደም ሥር ሲሰጧቸው የሚንፈራገጠው ውሻ በደቂቃዎች ውስጥ ተረጋጋ። የፍሬዎቹ ሥራ ታወቀ፤ የደምን ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

3. ጎተራና ገበያ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበልና ነገሩን በኛ ምሳሌ እንየው።

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም ከመቶ 99 እጁ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። አጥንት ጎተራ ነው በሉት። የቀረችው ጥቂት በደምና በሥጋ ውስጥ ትዞራለች፤ ደም ገበያው ነው። ገበያው ላይ ያለው መጠን በጣም የተወሰነ መሆን አለበት። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ገደማ፤ ከዚያ አይወርድም፣ አይወጣም። አራቱ ፍሬዎች የጎተራው ጠባቂዎች ናቸው። ገበያው ላይ ሲያንስ ሆርሞናቸውን ይልካሉ፦ ጎተራው ይከፈታል፣ ኩላሊት ካልሲየሙን በሽንት እንዳይጥል ይታዘዛል፣ አንጀትም በቫይታሚን ዲ በኩል ከምግብ የበለጠ እንዲወስድ ይደረጋል። ገበያው ሲጠግብ ጠባቂዎቹ ዝም ይላሉ።

አንዱ ጠባቂ ቢያብድስ? ገበያው እየሞላ ሳለ «አምጡ፣ አምጡ» እያለ ጎተራውን ሌት ተቀን ቢያስገለብጥስ? አጥንት ይሳሳል፣ ደም ግን በካልሲየም ይጥለቀለቃል። ደም ውስጥ የተጥለቀለቀው ካልሲየም ምን ያደርጋል?

ኩላሊት ውሃ መቆጠብ ያቅተዋል። ሰውየው ይሸናል፣ ይጠማዋል፣ እንደገና ይሸናል። ውሃው ሲያልቅ ደሙ ይወፍራል፣ ካልሲየሙ ይብስ ይወጣል። የተጣለው ካልሲየም ኩላሊት ውስጥ ይጠጥራል፤ ጠጠሩ ይሄ ነው።

ነርቭና ጡንቻ ይፈዝዛሉ። ካልሲየም ሲያንስ ነርቮች ያለ ልክ እንደሚነሡ ሁሉ፣ ሲበዛ ደግሞ ይተኛሉ። አንጀት ሲፈዝዝ ሆድ ይደርቃል። ጡንቻ ሲፈዝዝ ደረጃ መውጣት ዳገት ይሆናል። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። አንጎል ሲፈዝዝ ሰው ይከፋዋል፣ ይረሳል፣ ከሰው ይሸሻል፤ በጣም ሲበዛ ግራ ይጋባል፣ ከዚያም አልፎ ራሱን ይስታል። ልብም ከዚህ አያመልጥም፤ አመታቱ ይዛባል።

እንግዲህ እቴቴን አስቡልኝ። ጠጠር፣ ድርቀት፣ ጥም፣ ሽንት፣ አጥንት፣ ድብርት፣ መርሳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስድስት በሽታ ስንላት ኖረን፣ አንድ ነበር።

4. የቪየናው ቲኬት ቆራጭ

አሁን ወደ ቪየና። አልበርት ያህነ የሚባል ሰው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ሳንባው ታመመና ከሠራዊቱ ተሰናበተ፤ ከዚያም ትራም ላይ ቲኬት ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እግሩንና ወገቡን ያመው ጀመር። ድካሙ በረታ። በ1924 ወደቀና የጭኑ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ በራጅ ሲታይ እንደ ወንፊት ሆኗል። ሽንቱ ሲቀመጥ ነጭ ዝቃጭ ያወጣል።

በዚያን ጊዜ ቪየና ውስጥ ያኮብ ኤርድሃይም የሚባል ትልቅ ምሁር ነበረ። አጥንታቸው የላላ ሰዎች ሬሳ ሲመረመር ፓራታይሮይዳቸው አብጦ መገኘቱን አስተውሏል። መደምደሚያው ግን እንዲህ ነበር፦ አጥንት ሲታመም እጢው ሊያግዘው ብሎ ያብጣል። ስለዚህ በሽተኛው የሚያስፈልገው ተጨማሪ የእጢ ኃይል ነው ማለት ነው። ሽላገንሃውፈር የሚባል ሌላ ሐኪም በ1915 «ያበጠው አንዱ እጢ ብቻ ከሆነ እኮ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ቆርጣችሁ አውጡት» ብሎ ነበር። ማን ሰማው?

ያህነን የሚያክመው ቀዶ ሐኪም ፌሊክስ ማንድል መጀመሪያ የትልቁን ሰው ሐሳብ ተከተለ። የፓራታይሮይድ ጭማቂ ሰጠው። አልረዳውም። ከሞተ ሰው የተወሰደ ፓራታይሮይድ ተከለለት። ያም አልረዳውም፤ ሰውየው እየባሰበት ሄደ። በሐምሌ 1925 ማንድል የሽላገንሃውፈርን መንገድ ሊሞክር ወሰነ። አንገቱን ከፍቶ ሲያይ አንዷ ፍሬ አብጣ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ሆናለች። አወጣት። በቀናት ውስጥ የሽንቱ ካልሲየም ቀነሰ። ሕመሙ ለቀቀው። አልጋ ላይ የነበረው ሰው ቆይቶ በከዘራ መራመድ ጀመረ።

ማንድል ያበጠውን እጢ ከማውጣቱ በፊት ጨምሮበት እንደነበር ልብ አላችሁልኝ? በተጥለቀለቀው ገበያ ላይ እህል ጫነበት። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የሳሳ አጥንት አይቶ «ጎድሎታል» ብሎ ስላሰበ ነው። እኛም ከዘጠና ዓመት በኋላ ለእቴቴ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በስህተቱ ላይ ወተት መጨመራችን ብቻ ነው ልዩነቱ።

የያህነ ታሪክ በደስታ አላለቀም። ከዓመታት በኋላ በሽታው ተመለሰበት፣ እንደገናም ተቀደደ፣ በ1936 ሞተ። ማንድልም አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ፤ ከጦርነቱ በኋላ ነው ወደ ቪየና የተመለሰው።

5. ካፒቴኑ

አሁን የምነግራችሁ ሰው ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ነው። ካፒቴን ቻርልስ ማርቴል ይባላል፤ አሜሪካዊ የንግድ መርከብ አዛዥ። በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ቁመቱ 185 ሳንቲሜትር የሆነ መለሎ ነበር። ከዚያ ማጠር ጀመረ። አዎ፣ ማጠር! አከርካሪው እየተደረመሰ፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ እየገባ፣ ደረቱ ወደ ፊት እየወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 18 ሳንቲሜትር ያህል አጠረ። በትንሽ በትልቁ ይሰበራል። ሽንቱ ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር ያወጣል።

በ1926 ኒው ዮርክ ውስጥ ዩጂን ዱቧ የሚባል ሐኪም ተቀበለው። ሐኪሙ አንድ ዕድል ነበረው። ልክ ከዓመት በፊት ካናዳ ውስጥ ጄምስ ኮሊፕ፣ ያው ኢንሱሊንን ካገኙት ሰዎች አንዱ፣ የፓራታይሮይድን ጭማቂ አጣርቶ አውጥቶ ነበር። ኮሊፕ ጭማቂውን ለውሾች አብዝቶ ሲሰጥ ካልሲየማቸው ይወጣል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ይፈዝዛሉ፣ ይሞታሉ። ዱቧ የካፒቴኑን ደም አስለካ፤ ካልሲየሙ ከፍ ብሏል፣ ፎስፈረሱ ወርዷል። «ይሄ ሰው ፓራታይሮይዱ ከልክ በላይ እየሠራ ነው» አለ። በሽታውን በደም ምርመራ አውቆ እንዲህ ብሎ መናገር በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር።

ካፒቴኑ ወደ ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል ተላከ። በ1926 አንገቱ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። የተገኘው ጤነኛ ፍሬ ነው፤ ያበጠ ነገር የለም። በ1929 ሌላ ቦታ ሦስተኛ። በ1932 እንደገና ቦስተን። እስከ ስድስተኛው ቀዶ ጥገና ድረስ ምንም አልተገኘም። ስድስት ጊዜ አንገትን መከፈት አስቡት!

በዚህ ሁሉ መሀል ካፒቴኑ ምን ያደርግ ነበር? ያነብ ነበር። ቤተ መጻሕፍት እየገባ የሰውነት አሠራር መጽሐፍ ያገላብጥ ነበር። ፓራታይሮይድ አንዳንዴ ቦታዋን ስታ ወደ ደረት ልትወርድ እንደምትችል ተረዳ። ደረቱን ከፍተው እንዲያዩለት የወተወታቸው ራሱ በሽተኛው ነው። በሰባተኛው ጊዜ ኤድዋርድ ቸርችልና ወጣቱ ኦሊቨር ኮፕ ደረቱን ከፈቱ። እዚያ፣ ከደረቱ አጥንት ጀርባ፣ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል የምትሆን እብጠት ተቀምጣለች። ካፒቴኑ ልክ ነበር።

ሐኪሞቹ ካልሲየሙ በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ ፈርተው ትንሽ ቁራጭ ትተውለት ቀሪውን አወጡ። ሆኖም በሦስተኛው ቀን ወደቀ፤ ጡንቻው ይጨመደድ ጀመር፣ ካልሲየም ይሰጠው ገባ። አጥንቶቹ ለዓመታት የተዘረፉትን ሊያስመልሱ ደሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይስቡ ነበር። ግን ኩላሊቱ ቀድሞ ተበላሽቷል። አንድ ጠጠር የሽንት ቧንቧው ላይ ተቀርቅሮ ሌላ ቀዶ ጥገና አስፈለገውና ከሰባተኛው ቀዶ ጥገና ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ አረፈ።

ካፒቴኑ ባይድንም ከእሱ በኋላ የመጡት ዳኑ። ፍሬዋ የት የት ልትደበቅ እንደምትችል ቀዶ ሐኪሞች የተማሩት በእሱ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለባቸውን በሽተኞች ካልሲየም እየለኩ በሽታውን መፈለግ የተለመደውም በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ዘመን ነው።

6. ሌሎቹ በሮች

ካልሲየም የሚወጣው በእጢ ብቻ አይደለም። ይህን በአጭሩ ልለፈው፣ ግን ጠቃሚ ነው።

በ1915 በርትራም ሲፒ የሚባል የቺካጎ ሐኪም ለጨጓራ ቁስል መድኃኒት አወጣ፤ በየሰዓቱ ወተትና ክሬም፣ ከዚያ የአሲድ ማርከሻ ዱቄት። ብዙ ሰው ተሻለው። አንዳንዱ ግን ምግብ ይጠላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይቀባዥራል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። ወተቱና ማርከሻው ተደምረው ካልሲየሙን ሰቅለውት ነበር። ዛሬም ካልሲየም ያለበትን የጨጓራ ማርከሻና የካልሲየም ክኒን እንደ ከረሜላ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ የሕጻናቷ አጥንት እንዳይጣመም ብላ በዱቄት ወተቱም፣ በገንፎውም፣ በዓሣ ዘይቱም ቫይታሚን ዲ ጨመረች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ ሕጻናት የሚያስመልሳቸው፣ የማያድጉ፣ ሆዳቸው የሚደርቅ ሆኑ። ደማቸው ሲታይ ካልሲየሙ ከፍ ብሏል። መንግሥት በ1957 መጠኑን ቀነሰ። በጎ ነገርም ሲበዛ እንዲህ ነው።

ሦስተኛው በር ካንሰር ነው። አንዳንድ ካንሰሮች ራሳቸው የፓራታይሮይድን ሆርሞን የሚመስል ነገር ያመነጫሉ፣ አንዳንዶቹ አጥንት ውስጥ ገብተው ይበሉታል። ዛሬ ካልሲየማቸው ከፍ ካለ ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ወይ የፓራታይሮይድ ችግር ወይ ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከፍ ሲል ዝም ተብሎ የማይታለፈው።

ሁለቱን እንዴት ይለዩአቸዋል? በ1963 ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆርሞኑን ራሱን በደም ውስጥ መለካት ቻሉ። ያሎው በዚህ የመለኪያ ዘዴ በ1977 ኖቤል ተሸለመች። በ1970ዎቹ ደግሞ ደምን በአንድ ጊዜ ለብዙ ነገር የሚመረምሩ መሣሪያዎች መጡ። አሜሪካ ውስጥ ሮቸስተር በምትባለው ከተማ ካልሲየም ለሁሉም በሽተኛ መለካት ሲጀመር የበሽተኛው ቁጥር በድንገት አሻቀበ። በሽታው ድሮም ነበረ፤ የሚለካው ሰው ነው የጠፋው። ብዙዎቹም ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ነበሩ፤ «ድካም ነው፣ እርጅና ነው» ተብለው የኖሩ።

7. እቴቴ

ወደ ቤታችን እንመለስ።

ለሦስተኛ ጊዜ የኩላሊት ጠጠር ይዟት ሌሊት ስንሮጥ ተረኛው አንድ ልጅ እግር ሐኪም ነበር። ከተማሪዎቼ ቢሆን አይገርመኝም፣ ዕድሜው እንደዚያ ነው። ጠጠሩን ብቻ አላየም። አጠገቧ ተቀምጦ ይጠይቃት ጀመር። «እማማ፣ ሆድዎ ይደርቃል? ውሃ ይጠማዎታል? አጥንትዎን ያምዎታል?» እቴቴ እያንዳንዱን ስትመልስ እኔን ታየኛለች። የማያምሽ ቦታ የለም ያልኳት ልጅ አጠገቧ ቆሜያለሁ እኮ። ልጁ ግን የሕመሟን ዝርዝር እንደ ቅሬታ አልሰማውም፣ እንደ ማስረጃ ነው የሰማው። «ካልሲየም ተለክተው ያውቃሉ?» አላት። አታውቅም። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ።

ተለካ፤ 13.4። ተደገመ፤ ያው። የምትውጠውን ክኒን ያን ሌሊት አስቆማት። ፈሳሽ ተሰቀለላት። ሆርሞኗ ሲለካ መውረድ ሲገባው ከፍ ብሎ ተገኘ። አንገቷ በአልትራሳውንድ ታየ፤ በግራ በኩል፣ ከታች፣ ባቄላ የምታክል። ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ወሰድናትና ወጣችላት።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ማግስት ከንፈሯንና ጣቶቿን ነዘራት። አስቀድሞ ነግረውን ስለነበር አልደነገጥንም። አጥንቷ የተዘረፈውን እያስመለሰ ነው አሉን፤ ሐኪሞች «የተራበ አጥንት» ይሉታል። አሁን ምን ቢያዙላት ጥሩ ነው? ካልሲየም! ያንኑ ክኒን። ሳትታከም መርዝ የነበረው ከታከመች በኋላ መድኃኒት ሆነ። እኔ የካፒቴኑን ታሪክ ያነበብኩት ያን ሰሞን ነው፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ።

አሁን ደህና ናት። ኩላሊቷ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ቁመቷም ትንሽ ቀንሷል፤ የጠፋው ሁሉ አልተመለሰም። ግን ፊቷ ከግድግዳው ዞሯል። ከሆስፒታል በወጣች በወሯ ገደማ ከትምህርት ቤት ስገባ ቡና እያፈላች፣ ስኒው ተደርድሮ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አየህ» አለችኝ እየሳቀች፣ «የማያመኝ ቦታ ተገኘ።»

ለካ ቃሌን አልረሳችውም ነበር። ሁሉን ስትረሳ ያቺን አልረሳችም።

እንግዲህ ለጠየቅከኝ ልጅ፦ ክኒኑን ዝም ብለህ አትግዛ። እናትህን ሐኪም ዘንድ ውሰዳትና ደሟን አስለካ። ካልሲየም አንሷት ከሆነ ይሰጧታል፤ በዝቶባት ከሆነ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይፈልጋሉ። የአጥንት ሕመም ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የኔ እቴቴ በሽታ በሁሉም ሰው ላይ አለ እያልኩ አይደለም። ግን ሳይለካ አይታወቅም። ሌላው ደግሞ፣ ያመማትን ሁሉ በወረቀት ጻፍና ይዘህ ሂድ፤ ትንሹንም ትልቁንም፣ የማይገናኝ የሚመስልህንም። ብዙ ሲሆንብህ እንደኔ አትቆጣት።

ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ። በቤታችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ካለ ሰላም በሉልኝ። ቸር ያቆየን።